ሦስት ስምና አንድ ዋሻ

በ1931 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። መንዝ በዚያ ሌሊት እንዴት እንደሚያነጋ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ቅዳሴ ያልቃል፣ ዶሮ ሲጮህ ጾም ይፈታል። ባና የደረበ ሽማግሌ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ የቻለ በግ ይጥላል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ጎረቤት ለጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላል።

በዚያ ዓመት ግን ቀያ በሚባለው የመንዝ ወገን፣ ዘረት ላይ፣ ከገደል ሥር ያለ አንድ ሰፊ ዋሻ ሰው ሞልቶት ነበር። ቁስለኛው፣ አሮጊቱ፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ከነስንቁ ገብቶበታል። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ቤተሰብና ጓዝ ነው። የሚጠብቃቸው ተሾመ ሻንቁጥ ከጥቂት ታጣቂዎች ጋር ነበር። ከውጭ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከቧቸዋል።

ዋሻው ለመድፍና ለመትረየስ የሚበገር አልሆነም። ስለዚህ የኬሚካል ክፍሉ ተጠራ። የሰናፍጭ ጋዝ የተሞሉ ዕቃዎች ከገደሉ አናት ወደ ዋሻው አፍ ወርደው ፈነዱ፤ አርሲን የተባለ መርዝ የያዙ የመድፍ ጥይቶችም ተተኮሱ። የሰናፍጭ ጋዝ ተን ከአየር ይከብዳል። ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፣ ነፋስ በማይደርስበት ጓዳ ገብቶ ይተኛል። ቆዳ የሚልጠው፣ ዓይን የሚያጠፋው፣ ሳንባ የሚበላው ወዲያው አይደለም፤ ሰዓታት ይወስድበታል። የተመረዘው ሰው መመረዙን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሌሊቱን ተሾመና ጥቂት ጓዶቹ ከበባውን ሰብረው ወጡ። ሚያዝያ 3 ቀን የቀሩት እጃቸውን ሲሰጡ ወንዶቹ በቡድን እየተደረጉ ተረሸኑ። ያለቀው ሰው ከ800 እስከ 1,500 ይገመታል።

ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የጦር ሠራዊቱን ሰነዶች ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ውስጥ ሲገባ የሰው አፅም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደወደቀ አገኘው። በኬሚካል ክፍሉ ውስጥ ያገለገለው አሌሳንድሮ ቦአሊዮ የተባለ የበታች ሹምም ያየውን ጽፎ ትቶ ነበር፤ ማስታወሻው ኋላ በመጽሐፍ ታትሟል።

ያ ጦርነት ለአገራችን ሦስት ስም ትቶ ሄዷል፤ አርበኛ፣ ባንዳ፣ ስደተኛ። ሹመት በነዚህ ስሞች ተሰጠ፣ በነዚህ ተነጠቀ። መሬት በነዚህ ተከፈለ፣ መጽሐፍም በነዚህ ተጻፈ። ዘረት ዋሻ ውስጥ ያለቁት ግን አብዛኞቹ ለሦስቱም አይሆኑም። ጠመንጃ አልያዙም፣ ለጣሊያን አልገቡም፣ ባሕር ተሻግረው አልተሰደዱም።

ደጋው ያጋልጣል፣ ገደሉ ይሸሽጋል

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲዘለቅ አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ጅብራና ጓሳ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ የመንዝ ክፍሎች ገበታ በመሰለ ሜዳ ላይ ተዘርግተዋል። ሜዳው ግን ድንገት ይቆረጣል። ወደ ምዕራብ ጀማና ወንጭት ወንዞች አገሩን እየቦረቦሩ ቆላ አውርደውታል፤ በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል መርሐቤቴ አለ፤ ወደ ሰሜን ግሼ አለ። ከደጋው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ ጭልፊት ሲያንዣብብ ያያል።

የአርበኝነቱ ስልት ከዚህ አቀማመጥ የተቀዳ ነው። ሜዳው ለአውሮፕላንና ለታንክ ያጋልጣል፣ ገደሉና ዋሻው ደግሞ ይሸሽጋል። ደጋው እህልና በግ ይሰጣል፣ ቆላው መሸሻ ይሆናል። ጣሊያን በከተማና በመንገድ ዳር ምሽግ ሠራ፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለው አገር ግን ቀን የአንዱ፣ ሌሊት የሌላው ነበር።

ሸዋ ላይ ጥይቱ የጮኸው ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ኃይለማርያም ማሞ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ ወደ ዋና ከተማዋ የሚገሰግሰውን ጦር አድብቶ መታ። በማግሥቱ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ኃይለማርያም በ1930 ዓ.ም. በጦርነት ወደቀ፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ በስሙ የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከጦርነቱ በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበረው አበበ አረጋይ፣ በፈረስ ስሙ አባ ገስጥ፣ ከከተማ ወጥቶ በመንዝ፣ በመርሐቤቴ፣ በጅሩ፣ በተጉለትና በቡልጋ እየተዘዋወረ አምስቱን ዓመት ዘለቀ።

ጣሊያን ሸዋን ለማስገበር የመረጠው መንገድ ሽብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን በምሕረት ቃል ተታልለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ አዲስ አበባ በደም ታጠበች። ግንቦት 13 ቀን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተራ ደረሰ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መረሸናቸውን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ገልጿል፤ ዲያቆናቱ ያለቁት ደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ ላይ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ለዓመታት አጥንቶ የደረሰበት ግምት ግን ከ1,800 እስከ 2,200 ነው።

ብዙ ሰው የግፉን ዘመን በግራዚያኒ ስም ይዘጋዋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ ለስላሳ ሰው ተብሎ ይወሳል። የዘረት እልቂት የተፈጸመው ግን በእርሱ ዘመን ነው።

«ገባ»

የዚያን ዘመን ሰው ስለ ጦርነቱ ሲያወራ አንድ ግሥ ደጋግሞ ይጠቀማል፤ «ገባ»። «እገሌ ዱር ገባ» ከተባለ አርበኛ ሆነ ማለት ነው። «እገሌ ለጣሊያን ገባ» ከተባለ ደግሞ ተገዛ ማለት ነው። ሁለቱም ከአንድ ቤት ይወጣሉ፣ አንዳንዴም አንድ እናት ያጠባቻቸው ናቸው።

«ባንዳ» ራሱ ስድብ ሆኖ አልተወለደም። ጣሊያኖቹ ከመደበኛው ሠራዊት ውጭ ላደራጁት የአገሬው ታጣቂ ጭፍራ የሰጡት ወታደራዊ ስም ነው። አማርኛ ቃሉን ሲወስደው ከጭፍራው ነጥሎ በአንድ ሰው ግንባር ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ደመወዝ ከበላው፣ መንገድ ከመራው፣ ከጠቆመው አልፎ ዝም ብሎ የተቀመጠውንም የሚያካትትበት ጊዜ መጣ።

አርበኛውን ከባንዳው የሚለየው መስመር እንደ ስሙ ቀጥ ያለ አልነበረም። የመንደሩ ገበሬ ቀን ለምሽጉ ይገብራል፣ ሌሊት ለአርበኛው እህል ያቀብላል፤ ሁለቱንም እምቢ ለማለት አቅም የለውም። አርበኛውም የሚበላው ከሰማይ አይወርድለትም። አንዱን ያበላ በሌላው ይቀጣል። በዚህ መካከል ነው «የውስጥ አርበኛ» የሚለው ስም የተወለደው። ከተማ ተቀምጦ፣ ከጠላት ጋር እየዋለ፣ መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ወደ ዱር የሚያሾልክ ሰው ማለት ነው። ከሁሉ የምትታወቀው ሸዋረገድ ገድሌ ናት፤ ተይዛ ተሠቃየች፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዛ ታስራ ተመለሰች፣ መልሳም ትግሉን ቀጠለች።

ጥርጣሬው ከላይም ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄዳቸው ብዙ አርበኛ የማይውጠው አጥንት ሆነበት። ዙፋን ባዶ ሲሆን የሸዋ አርበኞች የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን ንጉሥ አድርገው ሰየሙ፤ ልጁ ብዙም ሳይቆይ በሕመም ሞተ። ጦርነቱ «ማን ይግዛ?» የሚለውን የቆየ ጥያቄ ከነቁስሉ ከፍቶት እንደነበር ይህ ብቻ ይበቃል።

አበበ አረጋይ ራሱ ከጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ ጋር የዕርቅ ንግግር ጀምሮ ነበር። ጣሊያኖቹ ገባልን ብለው ጠበቁ፤ አልገባም። ንግግሩ ለአንዳንዱ ብልሃት ነው፣ ጊዜ መግዣ ነው። ለሌላው ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አባ ገስጥ ጎፈሬውን ካበጠረው ከብዙ ሺህ ጦሩ ጋር እዚያ መገኘቱ ነው።

ከድል በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው አወጁ። ቃሉ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ የመንግሥት አሠራርም ሆነ። አስተዳደር የሚያውቀው፣ ፊደል የቆጠረው፣ ጣሊያን ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ የነበረው ሰው ወደ ቢሮ ተመለሰ። ስደተኛው ከእንግሊዝ፣ ከሱዳን፣ ከኢየሩሳሌም መጣ። አርበኛው ከዱር ወጣ። ሦስቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙ።

ኢየሩሳሌም በስደት የነበሩት መኰንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። ለአርበኛው ሜዳይ ተሰጠው፣ ለስደተኛውም ሜዳይ ተሰጠው፤ በጋሻ የሚቆጠር መሬትም ለሁለቱም ተደለደለ። አርበኛው ጎኑ ካለው ሰው ጋር ሜዳዩን አስተያየ። ቅሬታው ከዚያ ጀመረ።

የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ በጠላት ጊዜ ከጣሊያን ጋር የነበረ ሰው ነው። አምስት ዓመት ተቃራኒ ጎራ የቆሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ተሰቀሉ፤ ከዚያ የበለጠ የሚያናድድ ምስል ለአርበኛው አልነበረም። የሸዋው አርበኛ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ስደት ከመጀመሪያውም ያልተቀበለ ሰው ነው። ከነፃነት በኋላ ታስሮ ተፈታ፣ ተሹሞ ታሰረ፤ በመጨረሻ በ1962 ዓ.ም. ሊይዙት ከመጡት ጋር ተኩስ ገጥሞ ሞተ።

ከሥርዓቱ ጋር የተስማሙትም አልዳኑም። ራስ አበበ አረጋይ ከሚኒስትርነት ወደ ሚኒስትርነት እየተሻገሩ ከመንግሥቱ ቁንጮዎች አንዱ ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 የእነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው ከነበሩት መኳንንት ጋር ተገደሉ። አምስት ዓመት የጣሊያን ጥይት ያልነካቸውን ሰው የወገን ጥይት ጣላቸው። ለዘመኑ ወጣት መኰንን «አርበኛ» የሚለው ማዕረግ ጋሻ መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ ከአሮጌው መንግሥት ጋር የተቆጠረ ስም ነበር።

መንዝ ላይ ነገሩ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ከርስት ጋር ተሳስሯል። የመንዝ ሰው ርስት ይጠይቅ የነበረው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ ይህን አይቷል፤ «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ ለመንዝ ሰፊ ምዕራፍ ይሰጣል። አያት ቅድመ አያቱን በቃሉ የሚቆጥር ሕዝብ ማን ምን እንደሆነም አይረሳም። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከ1933 በኋላ ሁለት ትርጉም ያዘ፤ አንዱ የመሬት፣ አንዱ የአምስቱ ዓመት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የመጀመሪያው ጥያቄ ላላ። ሁለተኛው አልተሻረም።

የተለቀመው ተረት ነጋሪ

ሥነ ጽሑፋችን ከዚህ ጦርነት ምን አገኘ? መልሱ ከማተሚያ ቤት አይጀምርም። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ እንዲለቀሙ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና ተረት እየነገሩ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩበት። ገዢው በአገሩ ወሬ የሚያደርሰው፣ የሚያዋርደውና የሚያስሸፍተው ከጋዜጣ ይልቅ የአፍ ቃል መሆኑን ተረድቶ ነበር። መሣሪያ ከመፍታት እኩል አንደበት መፍታት ነበረበት።

ቃሉ ግን ተረፈ። ፉከራና ቀረርቶ በሠርግና በድግስ፣ ሙሾ በልቅሶ ቤት ታሪኩን ያዙት። ሁለቱ የሚይዙት ነገር ይለያያል። ፉካሪ ሲነሣ አባቱን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ፈረሱንና ጠመንጃውን ያወድሳል። አስለቃሽ ግን የጠፋውን ሰው ከነመልኩ፣ ከነአረማመዱ፣ ትቶት ከሄደው ልጅ ጋር ትጠራለች። የጦርነቱን ጀግና ያቆየልን ፉከራው ነው፤ ያጣነውን ያቆየችው አስለቃሿ ናት። መጽሐፉ ሲመጣ ይበልጡን ከፉከራው ተማረ።

ዮፍታሔ ንጉሤ በ«አፋጀሽኝ» ተውኔት ክህደቱን በምሳሌ መድረክ ላይ አወጣው። መኰንን እንዳልካቸው በ«የደም ድምፅ» የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ጻፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ስደተኛ ያልተሰደደውን ጳጳስ ሲያነሣ አንባቢ ሁለቱን ሳያስተያይ አይቀርም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያንኑ ጳጳስ በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሲመልሰው ሐውልቱ ሰው ሆነ፤ ከሞት በፊት ባለችው ሰዓት የሚጨነቅ፣ ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው። በ1941 ዓ.ም. በወጣው በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ውስጥ ከፈረንሳይ ተምሮ የመጣ ወጣት አርበኛ ይሆናል፤ ከድል በኋላ ያለውን ዓለምም ይታዘባል። የአርበኛው ቅሬታ ልብ ወለድ ሆኖ ሲገኝ ይህ ከቀዳሚዎቹ ነው።

የሸዋ አርበኞችን ታሪክ ከራሳቸው አፍ የምናገኘው ታደሰ ዘወልዴ በጻፈው «ቀሪን ገረመው» ነው። ደራሲው ራሱ አርበኛ ነበር። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ የስም ዝርዝር ገጽ ይሞላል፤ ማን የት ተዋጋ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ቆሰለ። ልብ ወለድ ለሚፈልግ አንባቢ ያሰለቻል። ለአርበኛው ልጅ ግን የአባቱ ስም መኖር አለመኖሩ የመጽሐፉ ሁሉ ትርጉም ነው፤ ስሙ ያለበት አርበኛ ነው፣ የሌለበት ምስክር ይፈልጋል።

ሴቶቹ በወፍራም ቀለም የተጻፉት ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመችው፣ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ በሆነው ልብ ወለዷ፣ ስንቅ ተሸካሚ ተብላ የታለፈችውን ሴት ወደ ውጊያው መሐል አመጣቻት።

በአጥፊው ቤትስ?

ጣሊያን በ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ፕሮቶኮል ላይ ፈርማ ነበር፤ መርዝ ጋዝ በጦርነት ላለመጠቀም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ክሱን አሰሙ። የጣሊያን መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ በጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ አንደበት ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። ኤንዮ ፍላያኖ የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘበት ልብ ወለድ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥፋተኝነት ስለሚንከራተት ጣሊያናዊ መኰንን ነው። ፍራንቼስካ ሜላንድሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ዘረት ዋሻ ይገኛል። አንድ አገር መጻፍና መርሳት በአንድ ጊዜ ይችላል፤ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠርታለች።

የዋሻው ስም

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ የአንበሳ ጎፈር ያጠለቁ፣ ደረታቸው በሜዳይ የተሸለመ ሽማግሌዎች ይሰለፉ ነበር። ዓመት በዓመት ሰልፉ እየሳሳ ሄዶ ዛሬ ጎፈሩን ያጠለቀው ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ነው። ሜዳዩ ይወረሳል፤ «ባንዳ» የሚለው ስድብም ይወረሳል። በየዘመኑ የተነሣ መንግሥትና የተነሣበት ተቃዋሚ ይህን ቃል እርስ በርስ ሲወራወሩበት ኖረዋል፤ ዛሬም በእጅ ስልክ ላይ በየሰዓቱ ይወረወራል። የሚወረውረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያንን ዘመን አላየውም። ቀን የሚገብር፣ ሌሊት የሚያበላ ገበሬ የነበረበት አገር መሆኑን ቢያውቅ ግን ከመወርወሩ በፊት እጁ ጥቂት ይዘገይ ነበር።

ዘረት ላይ ያለቁት ለየትኛውም ሜዳይ አልደረሱም። እህል ፈጭተው ለአርበኛው ያበሰሉ፣ ቁስለኛ ያጠቡ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ናቸው። ፉከራው አያውቃቸውም፤ የገደሉት የለም። የመሬት ድልድሉ አያውቃቸውም፤ የሚቀበል አልተረፈም። ሙሾ አውራጅ ታውቃቸው ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ዋሻው ውስጥ ካልቀረች።

ዋሻው ግን ስም አለው። ያገሩ ሰው «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። አመፀኛ የገዢ ቃል ነው፤ ጣሊያን በየቴሌግራሙ ያልገባለትን ሁሉ የሚጠራው እንዲያ ብሎ ነበር። አርበኛ፣ ባንዳ፣ ስደተኛ ተብሎ ሁሉም ስሙን ሲከፋፈል እነዚያ እናቶችና ሽማግሌዎች ያገኙት ገዳዩ የጠራቸውን ስም ነው። መንዝ አልለወጠውም፤ ገደሉ ላይ እንዳለ ተወው። ለቁስለኛ ገንፎ የምታገነፋ አሮጊት በጋዝ የምትገደል አመፀኛ ከተባለች፣ በሦስቱ ስሞች ያልተጻፈው ጦርነት እርሱ ነበር።